መሬቱ ለምን አገልግሎት ይመደብ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን አንድ ላይ ማስተናገድ መርጫለሁ። ሦስቱም ከጎንደር የተጻፉ ናቸው፤ ሦስቱም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም ከተማዋ የትኛውን መሬት ለንግድ፣ የትኛውን ለኢንዱስትሪና ለመጋዘን፣ የትኛውን ለመኖሪያ እንደምትመድብ፣ ይህንንም ማን በምን መመዘኛ እንደሚወስነው ነው። የጸሐፊዎቹን ስምና የቤታቸውን ትክክለኛ አድራሻ በጠየቁት መሠረት አላወጣሁም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዘዞ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ቤቱን አባቴ በደርግ ጊዜ ሠራው፤ ካርታም አለን። ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ቀበሌ ስሄድ የፕላን ማሻሻያ ረቂቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አየሁ። የሰፈራችን ግማሹ ሐምራዊ ተቀብቷል። እዚያ የነበረውን ባለሙያ ስጠይቀው ‹ሐምራዊው ለኢንዱስትሪና ለመጋዘን የታሰበ ነው› አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቷል። እናቴ ‹ቤታችን ሊፈርስ ነው› ብላ እንቅልፍ አጥታለች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ‹ያለቀ ነገር ነው፤ ስብሰባው ለፊርማ ነው› ይላል። ሄጄ ብናገር ዋጋ አለው? ምን ብዬስ ልናገር?»

መልስ፦ አስቀድመው ይህን ለእናትዎ ይንገሩልኝ፤ በረቂቅ ካርታ ላይ የተቀባ ቀለም የማፍረሻ ትእዛዝ አይደለም። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን ማለት ከተማው በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ ወዴትና ምን ያህል እንደሚያድግ፣ ዋና ዋናዎቹ የመሬት አጠቃቀም ዓይነቶችም የት የት እንደሚያርፉ የሚያሳይ፣ ሕጋዊ አስገዳጅነት ያለው ሰነድ ነው። የሚያስገድደው ግን ወደፊት የሚሠራውን ነው፤ ዛሬ የቆመውን ቤት በራሱ አያነሣም። አንድ ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይለቀቅ ከተባለ ሌላ ውሳኔና ሌላ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ይህም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ተደንግጓል። በዚያ ሥርዓት ባለይዞታዎች ቦታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት ጉዳዩ ተነግሯቸው ሊመክሩበት ይገባል፤ አቅም ካላቸው በግልም ሆነ ተደራጅተው ቦታውን የማልማት ቅድሚያ አላቸው፤ ካሣና የቅሬታ ሰሚ አካልም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ካሣው የሚሰላው በመሬቱ ላይ ላፈሩት ንብረትና ለመፈናቀሉ ነው።

ይህን ስል ቀለሙ ምንም አያመጣም ማለቴ አይደለም። ፕላኑ በዚሁ መልኩ ከጸደቀ፣ ነገ ወንድምዎ ሲያገባ በግቢው ጀርባ ሁለት ክፍል ልጨምር ብለው የግንባታ ፈቃድ ቢጠይቁ፣ ከፈቃዱ አስቀድሞ የሚሰጠውን የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ግንባታው ከፕላኑ ጋር ይስማማል የሚለውን ማረጋገጫ፣ ሊከለከሉ ይችላሉ፤ ቦታው ለመጋዘን እንጂ ለመኖሪያ አልተመደበምና። ቤቱ ሳይፈርስ ያረጃል ማለት ነው። በእኔ ዕይታ ብዙ ሰፈር የሚጎዳው በግሬደር ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ዝምታ ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ባለቤቱ ‹ለማይቀረው ነገር ምን አደከመኝ› ብሎ ይተወዋል፣ ተከራይ ይሸሻል፣ አቅም ያለው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፣ የሚቀረው አቅም የሌለው ነው። ስለዚህ ወደ ስብሰባው መሄድዎ ዋጋ አለው። ይዘው የሚሄዱት ጥያቄ ግን ‹ቤታችን ይፈርሳል ወይ?› ከሚል ይልቅ ‹ሰፈራችን መኖሪያ ሆኖ ይቀጥላል ወይ?› የሚል ቢሆን ይሻላል።

የፕላን ኮሚቴው ወይም ቦርዱ ወደ ውሳኔ የሚደርስበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅምዎታል። የባለሙያዎች ቡድን ጥናቱንና ረቂቁን ያዘጋጃል፤ ኮሚቴው ይመረምረዋል፤ ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል፤ በመጨረሻ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ከፕላን ባለሙያዎች ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ውይይት ከሚደረግባቸው ጠረጴዛዎች አጠገብ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ፤ ያየሁትን አንድ ነገር በዝርዝር ልንገርዎ። ካርታው በ1 ለ10,000 መጠን የታተመ ከሆነ በወረቀቱ ላይ ያለው 1 ሚሊ ሜትር በመሬት ላይ 10 ሜትር ነው። የእርስዎ ቤት ከነግቢው በዚያ ወረቀት ላይ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በውይይቱ መካከል አንድ ሰው ወፍራም ማርከር አንሥቶ ‹ቀጠናው እዚህ ጋር ይቁም› ብሎ ሲያሰምር፣ የመስመሩ ውፍረት ብቻ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 20 ሜትር መሬት ይሸፍናል፤ እናትዎ ከመስመሩ ወዲህ ይሁኑ ወዲያ የሚል ጥያቄ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም አላነሣም። ይህ የክፋት ሥራ አይደለም፤ ካርታው በዚያ መጠን ሰው አያሳይም። ሰውን ሊያሳይ የሚችለው ከካርታው ውጭ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው።

በመሆኑም ስብሰባው ላይ ሊያነሡ የሚችሉት ከሁሉ የበለጠ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ መስመሩ በመሬት ላይ ምን ተከትሎ ነው የሚያልፈው? ቀጠና የሚለይበት መስመር መንገድ፣ ወንዝ፣ ገደል ወይም ነባር አጥር ተከትሎ ቢሄድ ማንም ሰው ቆሞ ሊያየውና ሊጠብቀው ይችላል። ሜዳ ላይ እንዲሁ ያለፈ መስመር ግን ነገ ሁሉም እንደየፍላጎቱ ይተረጉመዋል። ከስብሰባው በፊት ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ ሰፈሩን በእግራችሁ ዙሩት፤ ቤቶቹን ቁጠሩ፤ ውኃ በክረምት የሚወርድበትን፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበትን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያለበትን በአንድ ወረቀት ላይ በእጅ ንደፉት። ባለሙያ የነደፈውን ያህል ውብ ባይሆንም የባለሙያው ካርታ የማያሳየውን ያሳያል።

የፕላኑን አዘጋጆች ምክንያትም ሳይረዱ ወደ አዳራሹ አይግቡ። ጎንደር ተራራማ ከተማ ናት፤ ለትልቅ መጋዘን የሚሆን ደልዳላ መሬት በፒያሳና በአራዳ ዙሪያ አይገኝም። የአዘዞ በኩል ግን ሜዳ አለው፤ አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው፤ የባሕር ዳርና የመተማ መንገዶች የሚለያዩትም እዚያው ነው። ከመተማና ከቋራ በኩል የሚመጣው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ወደ ከተማዋ የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። ለእነዚህ ዕቃ ጫኝ መኪኖች ማራገፊያና ማደሪያ በፕላን ካልተበጀላቸው ተሳቢ ጎትተው በመንገድ ዳር ያድራሉ፣ እየተጣበቡም መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ሐምራዊው ቀለም አዘዞ ላይ ማረፉ በራሱ ስሕተት ነው ለማለት አልችልም፤ እኔም በቦታቸው ብሆን መጀመሪያ የምመለከተው ወደዚያው ነበር። የሚያከራክረው ምን ዓይነት ኢንዱስትሪ፣ ከቤቶች ምን ያህል ርቆ፣ ፍሳሹስ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ስለ ፍሳሹ በተለይ አጥብቀው ይጠይቁ። የጎንደር ወንዞች፣ ቀሃ፣ አንገረብና ሽንታ፣ ወደ መገጭ ወንዝ ይወርዳሉ፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በአዘዞ ሜዳ ላይ የሚለቀቅ የቆዳ ማልፊያ ወይም የማቅለሚያ ፍሳሽ ከእርስዎ ሰፈር አልፎ በመገጭ ዳር አትክልት የሚያጠጣውን፣ ከብቱን የሚያጠጣውንና በጣና ዓሣ የሚያሰግረውን ሁሉ ያገኛል። በአንጻሩ ደግሞ የከተማዋ የመጠጥ ውኃ የሚገኝበት የአንገረብ ግድብ በደለል ሲቸገር የኖረ በመሆኑ በላይኛው ተፋሰስ ላይ እንዲህ ያለ ቀጠና ሊታሰብ አይገባም፤ የአዘዞ ምርጫ ይህን ጉዳት የሚያስቀር መሆኑን አምኖ መቀበል ፍትሐዊነት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ፋብሪካው ከመተከሉ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና፣ በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ብክለቱ እንዲገታ የሚያስገድዱ ናቸው። ነገር ግን ያ ጥናት የሚመጣው ቦታው አንዴ ከተመደበ፣ ባለሀብቱም ከተረከበ በኋላ ስለሆነ ‹ይቅር› የሚል ውጤት ሲያመጣ ብዙም አይታይም፤ ዋናው ክርክር መደረግ ያለበት አሁን፣ ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ ነው።

‹ኢንዱስትሪ› የሚለው ቃል ራሱ በጣም ሰፊ ነው። ሰሊጥ የሚያበጥርና የሚያሽግ መጋዘን፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ የብሎኬት ማምረቻ፣ የቆዳ ፋብሪካ ሁሉም በአንድ ሐምራዊ ሥር ይገባሉ፤ ከእነዚህ ጋር ጉርብትና ግን አንድ አይደለም። የብሎኬት ማምረቻው አቧራ በበጋ የተሰጣ በርበሬ ላይ ያርፋል፤ የሰሊጥ መጋዘኑ ችግር ገለባውና ሌሊት የሚያራግፈው መኪና ነው። ስለዚህ ከመዋቅራዊ ፕላኑ ቀጥሎ በሚዘጋጀው የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ማለትም በአንድ ሰፈር ዝርዝር ፕላን ላይ፣ የተፈቀዱትና የተከለከሉት የሥራ ዓይነቶች በዝርዝር እንዲጻፉ፣ በቤቶቹና በመጋዘኖቹ መካከልም ዛፍ የሚተከልበት አረንጓዴ ቀበቶ እንዲተው ይጠይቁ። የአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲሆን ይመክራልና አረንጓዴ ቀበቶ መጠየቅ ልመና አይደለም። ቀበቶው ከመጋዘኖቹ ድርሻ እንጂ ከመኖሪያው እንዳይቆረስ ግን አስቀድመው ያስመዝግቡ።

አሁን ‹ስብሰባው ለፊርማ ነው› ወደሚለው ልምጣ። አዳራሽ ሲገቡ አንድ ወረቀት ይዞርልዎታል። ከመፈረምዎ በፊት ራስጌውን ያንብቡ፤ ‹የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር› የሚል ከሆነ ይፈርሙ፤ ‹ረቂቁን የተቀበሉ ነዋሪዎች› የሚል ከሆነ፣ ወይም ራስጌው ባዶ ከሆነ፣ በስምዎ አጠገብ ‹ተገኝቻለሁ፤ አስተያየቴን በጽሑፍ አቀርባለሁ› ብለው ጽፈው ይፈርሙ። አስተያየቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ‹ሰፈራችን አይነካ› ከሚል ገጽ ይልቅ ‹መስመሩ ከዚህ መንገድ ወዲያ ይሁን፤ ምክንያቱም በወዲህ በኩል ይህን ያህል ቤት፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናትና አንድ የውኃ መውረጃ አለ› የሚል አንድ አንቀጽ ኮሚቴውን ያስጨንቀዋል፤ የመጀመሪያውን ‹ነዋሪው ቅሬታ አለው› ብሎ ያልፈዋል፣ ሁለተኛውን ግን አንድም መቀበል አንድም ምክንያት ሰጥቶ መቃወም ይኖርበታል። ጎረቤቶች ይፈርሙበት፤ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ኮፒውን ይያዙ። በስብሰባው ላይ የተናገሩትም በቃለ ጉባኤው መግባቱን መጨረሻ ላይ ተነሥተው ይጠይቁ። ቃለ ጉባኤውን ለማግኘት በመረጃ ነፃነት ድንጋጌው፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000፣ በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ፤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 30 ቀን ነው። አንዳንድ ሰው በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ይጠቅሳል፤ ያ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ስለሆነ በከተማ አስተዳደር ፊት አያዋጣዎትም። ከዚያ በኋላ የቀረው በር የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ገጹን አንድ በአንድ ያድርሱላቸው፤ ድምፅ የሚሰጡት እነርሱ ናቸውና።

ጎንደር ነዋሪዋ ሳይጠየቅ የተሳለ ፕላን ምን እንደሚመስል ታውቃለች። በወረራው ዘመን ጣሊያናዊው አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ያዘጋጀው የ1930 ዓ.ም. ፕላን የጣሊያኖችንና የአገሬውን ሰው ሰፈር ለያይቶ ነበር፤ ዛሬ ፒያሳ ብለን የምንገበያይበት ማዕከል የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ሕንፃዎቹ ያምራሉ። ሲሳሉ ግን የከተማዋን ሰው ‹አንተስ ምን ትላለህ?› ያለው አልነበረም። የእርስዎ ሰፈር ሰው ዛሬ የሚጠየቅበት ስብሰባ አለው፤ ጥቂት ሰዓት ቢሆንም ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ «ማራኪ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ መኖሪያ ሰፈር መሀል፣ በርና መስኮት እሠራለሁ። ከእኔ ሌላ ስድስት ልጆች አሉ። ንግድ ፈቃድ አለኝ፤ ግብሬንም እከፍላለሁ። አንድ ጎረቤቴ በግራይንደሩ ድምፅ ከሶኝ የሚመለከተው ቢሮ ‹ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠና ውጣ› ብሎኛል። ሄጄ አየሁት፤ መብራት አልገባም፣ መንገዱ በክረምት አይገባም፣ ደንበኛም እዚያ ድረስ አይመጣም። መኖሪያ ሰፈር ውስጥ መሥራት በሕግ ክልክል ነው? ጥፋቱ የእኔ ነው?»

መልስ፦ በሁለታችሁም በኩል እውነት አለ፤ ከጎረቤትዎ እጀምራለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል፤ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና መንቀጥቀጥን በስም ጠርቶ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ይከለክላል። ንግድ ፈቃድዎ የመሥራት መብት ይሰጥዎታል እንጂ ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣዎትም። ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ የሚሰማው ጩኸት በተለይ የታመመ ወይም ጨቅላ ሕፃን ላለበት ቤት ቀላል አይደለም። ጎረቤቶች ከድምፁ ይልቅ ሊፈሩት የሚገባው ግን ቀለም የሚረጭበት ሰዓት ነው፤ ሜዳ ላይ የሚረጭ ቀለም በነፋስ ሄዶ በተሰጣ ልብስና በተከፈተ መስኮት ይገባል፣ ለሚሠሩት ልጆችም ሳንባ አይበጅም። እርሱን ዛሬውኑ በተዘጋ ክፍል፣ ልጆቹም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው እንዲሠራ ያድርጉ። መቁረጡን ለሥራ ሰዓት ብቻ ይወስኑት፤ እሑድና በዓላትን ይተዉለት፤ በጎረቤቱ በኩል ያለውን የቆርቆሮ አጥር በግንብ ይተኩት። እነዚህን በጽሑፍ አስፍረው በሽማግሌ ፊት ለጎረቤትዎ ቢያቀርቡ፣ ክሱ ቢቀጥል እንኳ በቢሮውም ሆነ በፍርድ ቤት ዘንድ የሚመዘንልዎት ነገር ይሆናል።

አሁን ስለ እርስዎ። የከተማ ፕላን ከመኖሪያ፣ ከንግድና ከኢንዱስትሪ ሌላ ቅይጥ አገልግሎት የሚባል ምደባ አለው፤ በመንገድ ዳር ከታች ሱቅና አነስተኛ ወርክሾፕ፣ ከላይ መኖሪያ የሚፈቀደው በእርሱ ነው። ስለዚህ ወደ ማንኛውም ክርክር ከመግባትዎ በፊት የቦታዎን የፕላን መረጃ በጽሑፍ ያውጡ። ቅይጥ ከሆነ ‹ውጣ› የሚለው ትእዛዝ በምን ድንጋጌ እንደተሰጠ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ንጹሕ መኖሪያ ከሆነ ግን ክርክርዎ ስለ መቆየት ሳይሆን ስለ አወጣጡ ጊዜና ሁኔታ ይሆናል። በቃል በተሰጠ ትእዛዝ ላይ ይግባኝ ማለት ያስቸግራል፤ ስለዚህ በደብዳቤ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

የፕላን ኮሚቴዎች ለዚህ ዓይነት ሥራ ቦታ ሲመድቡ የሚሠሩትን ስሕተት በግልጽ ልናገር። ካርታ ላይ ሐምራዊ ቀለም መቀባት ቀጠና መሥራት ይመስላቸዋል። የወርክሾፕ ብየዳ ብዙ ጊዜ ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ከተለመደው የቤት መስመር የበረታ፣ መብራት ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የስድስት ሜትር ብረት የጫነ አይሱዙ በክረምት ጭቃ ውስጥ አይገባም። በር የሚያሠራ ሰው ቤቱን እየገነባ ያለ ሰው ነው፤ ከብረት መሸጫው፣ ከቀለም መሸጫውና ከመስተዋት ቤቱ ብዙ ርቆ አይመጣም። እነዚህ ሳይሟሉ ‹ውጣ› ማለት ሥራውን ማጥፋት ነው፤ ስድስቱም ልጆች ወደ ጎዳና ይወጣሉ። በእኔ አስተያየት ኮሚቴው ቀጠናውን ሲያጸድቅ መብራቱ፣ ውኃውና ጠጠር መንገዱ በየትኛው በጀት ዓመት እንደሚገቡ አብሮ ካላጸደቀ፣ ነባር ባለሙያ እንዲነሣ ማዘዝ የለበትም።

በዚህ ጉዳይ ጎንደር የቆየ ዕዳ አለባት። በ1660 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ሰፈር በሃይማኖት እንዲለይ ታዝዞ ነበር፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር አዲስ ዓለም፣ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ግንበኞች ሰፈርም ዛሬ ድረስ በከተማዋ ትውስታ አሉ። ግንቡን የገነባ፣ ማረሻውንና በሩን የሠራ እጅ ከመሀል ርቆ በወንዝ ዳር እንዲኖር ሲደረግ፣ ሥራውም ሠሪውም አብረው ተናቁ፤ ‹ባለእጅ› የሚለው ቃል ስድብ የሆነበትን ዘመን አያቶቻችን አይተውታል። የዛሬ ፕላን ሰውን በሃይማኖቱም በትውልዱም አይለይም። ሆኖም ብረት ሠሪውን ያለ መብራትና ያለ መንገድ ወደ ዳር ሲገፋ የድሮውን ልማድ ሳያውቀው ይደግመዋልና ኮሚቴው ይህን አስታውሶ እንዲሠራ እለምናለሁ። ለእርስዎ የምመክረው ብቻዎን እንዳይሟገቱ ነው፤ በክፍለ ከተማው ያሉ የእንጨትና የብረታ ብረት ባለሙያዎች ተሰባስባችሁ፣ ለሁላችሁም የሚሆን አንድ የጋራ ሼድ ከዋናው መንገድ ብዙ ሳይርቅ እንዲመደብላችሁ በአንድ ማመልከቻ ጠይቁ። ስድስት ሠራተኛ ያለው አንድ ሰው ሲያመለክት ጉዳዩ የግል ቅሬታ ይሆናል፤ ሃያና ሠላሳ ወርክሾፕ ሲያመለክት የመሬት አጠቃቀም ጥያቄ ይሆንና ወደ ፕላን ኮሚቴው አጀንዳ ይገባል።

ጥያቄ፦ «ከጥቂት ዓመታት በፊት ለንግድ አገልግሎት የተባለ ቦታ በሊዝ ጨረታ አሸንፌ ሱቆች ሠርቻለሁ። አሁን በስተጀርባው የበርበሬና የሽሮ ወፍጮ ተክዬ ባልትና ማቀነባበር ልጀምር አስቤያለሁ። ወፍጮውን ለመግዛት ቀብድ ልከፍል ነው። የሚያስቸግር ነገር ይኖር ይሆን?»

መልስ፦ ቀብዱን ለጊዜው ያቆዩት። ቦታውን የያዙት በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ዘመን ከሆነ፣ በሊዝ የተያዘ መሬት በውሉ ላይ ለተጻፈው አገልግሎት ብቻ ይውላል፤ አገልግሎቱን መለወጥ የሚቻለው ከከተማው ፕላን ጋር የማይጋጭ ሆኖ ሲገኝና የሚመለከተው አካል ሲፈቅድ ነው። ልዩነቱ ከስም ያለፈ ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን እስከ 70 ዓመት ሲሆን ለኢንዱስትሪ እስከ 80 ዓመት ነው፤ በአዲስ አበባ 60 እና 70 ነው። ዋጋውም እንደ አገልግሎቱ ሊለያይ ስለሚችል ለውጡ ሲፈቀድ ውሉ እንደገና ሊታይ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ተፈጭቶ የመጣ በርበሬ ማሸግና መሸጥ በእኔ አስተያየት ከንግድ አይወጣም። መፍጨት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የበርበሬ ወፍጮ አቧራ አላፊ አግዳሚውን ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሞተሩም ሌላ የመብራት ቆጣሪ ይጠይቃል። ሱቅዎ ከፋሲል ግቢ ወይም ከሌሎቹ ቅርሶች አጠገብ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሣብዎታል፤ ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ በመሆኑ በዙሪያው የሚተከል ነገር በቅርስ ጥበቃ በኩልም ይታያል። ስለዚህ የሊዝ ውልዎን ያውጡና ‹የቦታው አገልግሎት› የሚለውን መስመር ያንብቡ። ‹ንግድ› ብቻ ከሆነ የአገልግሎት ለውጥ ማመልከቻ ያስገቡ፤ ‹ቅይጥ› ከሆነ ወፍጮ በዚያ ውስጥ መካተቱን በጽሑፍ ያስረጋግጡ። ብዙ ሴቶች እንደሚያደርጉት ወፍጮውን ከከተማው ወጣ ባለ፣ ለዚህ በተመደበ ሼድ አስቀምጦ ማሸጊያውንና መሸጫውን በሱቁ መያዝም ይቻላል፤ ይህን ከመረጡ ለሊዝ ውልዎ ምንም ለውጥ አያስፈልገውም፤ የሚጨምርብዎት የባጃጅ ማመላለሻ ወጪ ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚመርጡ ከወሰኑ በኋላ የወፍጮውን ኃይል፣ ማለትም ስንት ኪሎ ዋት እንደሚፈልግ፣ ከሻጩ ጠይቀው ያስጽፉ፤ ማመልከቻዎ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁዎት እርሱን ነው።